አንድ ጠርሙስ ጉሽ ቀይ ወይን ቀርቶኛል፤ ከምን ጋር ላቅርበው?

የጦሳ ሥር (ደሴ)
ጥር 4፣ ማታ

ሰላም የቤቱ ሰዎች፣ እንዴት ከረማችሁ? የምታውቁ ካላችሁ ምክር ፈልጌ ነው።

ታላቅ እህቴ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ነው የምትኖረው። ለገና ስትመጣ ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን በሹራብ ጠቅልላ ይዛልን መጣች። ከሊዮን በስተሰሜን ቦዦሌ የሚባል የወይን አገር አለ። ወይኑ ከዚያ ነው። ጠርሙሱ ላይ «ሞርጎን» ይላል፣ የአካባቢው ስም ነው። የወይኑ ዘር ጋሜ ይባላል። እርሻው ኦርጋኒክ ነው፤ አሠራሩም እጅ ያልበዛበት ነው አለችኝ። የተገዛ እርሾ የለውም፣ አልተጣራም፣ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ድኝም የገባበት ሊታሸግ ሲል ትንሽ ብቻ ነው። ገበሬው ቤት ድረስ ሄዳ፣ ቀምሳ ነው የገዛችው።

የመጀመሪያውን ለገና ምሳ ከፈትነው። ቡሹ ሲወጣ እንጆሪ እንጆሪ ሸተተኝ። በባዶ አፌ ስቀምሰው ወደድኩት። ከዚያ ዶሮ ወጡ ቀረበ። የእናቴ ዶሮ ወጥ ደግሞ በበርበሬው አይታማም። አንድ ጎርሼ ወይኑን ስጎነጭ አፌ ነደደ። የፍሬው ጣዕም ጥፍት አለ። የቀረው ምሬትና ኮምጣጣነት ብቻ ነው። እናቴ ብርጭቆዋን አስቀምጣ «ልጄ፣ ይሄማ አቼቶ ሆኗል» አለችና ወደ ጠላዋ ተመለሰች። አጎቴ ታች የዘቀጠውን አይቶ ተበላሽቷል ብሎ ተወው። እህቴ ምንም አልተናገረችም። ግን ፊቷን አየሁት። ያን ሁሉ መንገድ ተሸክማው መጥታ!

አሁን አንድ ጠርሙስ ቀርቷል። ቅዳሜ ጥር 16 ኮምቦልቻ ወንድማችን ቤት እንሰበሰባለን። እህቴ ሰኞ ትመለሳለች። ወይን የምንጠጣው ስድስት ነን። ምን ይሠራ? ወይኑስ ይቀዝቅዝ? ዝቃጩ ችግር አለው? ይቺን ቅዳሜ ማበላሸት አልፈልግም።

---

ጠጅ ጣይ ከሰኞ ገበያ
ጥር 4፣ ማታ

አብሽሪ እታለም። አቼቶ አልሆነም። አቼቶ የሆነ መጠጥ ገና ስትከፍቺው አፍንጫ ይወጋል። አንቺ እንጆሪ ሸተተኝ ነው ያልሽው።

ጠጅ ስጥል ሃያ ዓመት አልፎኛል። የወይን ሰው አይደለሁም፤ ግን የነገርሽን አሠራር ለእኔ እንግዳ አይደለም። እኔስ መቼ እርሾ ገዝቼ አውቃለሁ? ጋኑን አጥባለሁ፣ በወይራ አጥነዋለሁ፣ ማሩን እበጠብጣለሁ፣ ጌሾውን እጨምራለሁ። እርሾው ከጌሾው፣ ከማሩ፣ ከጋኑ ራሱ ይነሳል። ከጥቂት ቀን በኋላ ጆሮዬን ጋኑ ላይ ሳስጠጋ ሲንሾካሾክ እሰማዋለሁ። የወይኑም ነገር ይኸው ነው፤ እርሾው ከፍሬው ቆዳና ከመጥመቂያው ቤት ይመጣል። ጉሽ ጠላ፣ ጉሽ ጠጅ ስንጠጣ ማን ተበላሸ ይላል? የአጎትሽ ዝቃጭም ያው ጉሽነቱ ነው። ሳያናውጡ መቅዳት ብቻ ነው።

ዶሮ ወጡ ለምን እንዳልሆነ ልንገርሽ። ዶሮ ወጥና ጠጅ የሚስማሙት ጠጁ ውስጥ ማር ስለሚቀር ነው። ጣፋጩ በርበሬውን ያበርደዋል። የእህትሽ ወይን ግን ደረቅ ነው። ስኳሩን እርሾው በልቶ ጨርሶታል። በርበሬ ሲመጣበት የሚያበርድበት ነገር የለውም። አልኮሉ በርበሬውን ያቀጣጥለዋል፣ በርበሬው ደግሞ የወይኑን ምሬት ያወጣዋል። እኔም ማሩ ያለቀበት የከረመ ጠጅ ሲኖረኝ ከቀይ ወጥ ጋር አላቀርበውም። ከጥብስ ጋር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እጅ ያልበዛበት ማለት ዝም ብሎ የተተወ ማለት አይደለም። እኔ በዚህ በጥር ብርድ ጠጁ ሲያንቀላፋብኝ ጋኑን በብርድ ልብስ እጠቀልላለሁ፤ ሌሊት ተነስቼ አየዋለሁ። ምንም የማይጨምር ሰው ንጽሕና ላይ እጥፍ ይደክማል፤ ቢሳሳት የሚያድነው መድኃኒት የለማ። ያ ገበሬ ስንት ሌሊት እንደተነሳ አስቢው። ስለዚህ ለቅዳሜው በደንብ አስቢበት።

---

የጦሳ ሥር
ጥር 5

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ! ለእናቴ አነበብኩላት። «ታዲያ እንዲህ ብላችሁ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት» አለችኝ።

---

ሐረጎን ወራጅ (ኮምቦልቻ)
ጥር 5

እህቴ፣ እኔ ሆቴል ውስጥ በአስተናጋጅነት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። የማውቀውን ልበል።

መጀመሪያ መንገዱን አስቢ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም መንገዱ ቁልቁለት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እኛ 1,850 ገደማ ላይ ነን። የሐረጎ ጥምዝምዝ ያንን ዝቃጭ ከላይ እስከ ታች ያምሰዋል። ቅዳሜ ጠዋት ይዘሽው ብትመጪ ድፍርስ ነው የምትቀጂው። ሐሙስ ላኪው። ወንድምሽ ቤት ጨለማ ቦታ ላይ ቆሞ ሁለት ሌሊት ይደር። እንዳይተኛ!

ቀጥሎ ሙቀቱ። ቀይ ወይን በቤት ሙቀት ይጠጣል የሚባለው የአውሮፓን ቀዝቃዛ ቤት አይተው ነው። የኮምቦልቻ ቀትር ሌላ ነው። ጋሜ ደግሞ ቀለል ያለ ወይን ነው፣ 13 ወይም 14 ዲግሪ ላይ ነው የሚያምርበት። ሲሞቅ አልኮሉ ብቻ ይሸታል። ከምሳ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፍሪጅ ይግባ፤ ቆሞ። ጠርሙሱን ስትይዥው የምንጭ ውሃ ያህል ከቀዘቀዘ ይበቃል። እንደ ቢራ አታድርጊው፣ ሽታው ይጠፋል። 75 ሳንቲ ሊትር ለስድስት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 125 ሚሊ ሊትር ነው። በሁለት ዙር ቅጂው። ብርጭቆ አትሙዪ፣ ሽታው የሚዞርበት ቦታ ይፈልጋል።

ምግቡን በተመለከተ የእኔ ምርጫ የበግ ጎድን ጥብስ ነው። ደረቅ ጥብስ፣ በሽንኩርትና በየጥብስ ቅጠል። ስቡ እንዳይወገድ። ስብና ጨው ወይኑን ያለሰልሱታል። ወይኑ ደግሞ በኮምጣጣነቱ የስቡን ክብደት ከአፍ ያጥበዋል። የጥብስ ቅጠሉን ፈረንሳዮችም በጉ ላይ ያደርጉታል፣ ስለዚህ እህትሽም አገሯ ያለች ይመስላታል፤ ሁለቱም አገሯ። ቃሪያውን አንድ ብቻ፣ ፍሬው ወጥቶ። አዋዜና ሚጥሚጣ በጎን በትንሽ ሳህን ይቅረብ፣ ማዕዱ መሃል አይምጣ።

እንጀራ አትፍሪ። ብዙ ሰው እንጀራና ወይን አይሄድም ይላል። እኔ አልቀበልም። ኮምጣጣ ምግብ የወይንን ኮምጣጣነት ይቀንሰዋል። ጋሜ ደግሞ በቂ አለውና ይችለዋል። በጣም የኮመጠጠ እንጀራ ከሆነ ግን ወይኑ ውሃ ውሃ ይላል። አፍለኛ ብታስጋግሪ ይሻላል። ወይም ድፎ ዳቦ።

---

ቦርከና ዳር
ጥር 6

አንድ ጥያቄ አለኝ። ኦርጋኒክ እና «እጅ ያልበዛበት» አንድ ነገር ናቸው? ሱቅ ውስጥ የሚያዩት ሁሉ ተፈጥሯዊ ተፈጥሯዊ ይላል፤ ግራ ይገባል።

---

ላብራቶሪ ሰው
ጥር 6

አንድ አይደሉም። ኦርጋኒክ በዋናነት ስለ እርሻው ነው፦ የፋብሪካ ማዳበሪያ፣ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ኬሚካል አለመጠቀም። ምንም አይረጭም ማለት ግን አይደለም። ድኝና መዳብ ለሻጋታ ይረጫሉ። አውሮፓ ውስጥ የመዳቡ ጣሪያ በ7 ዓመት 28 ኪሎ በሄክታር ነው። እስከ 2012 ድረስ የአውሮፓ ሕግ «ከኦርጋኒክ ፍሬ የተሠራ ወይን» ብቻ ነበር የሚያስብለው። ከዚያ በኋላ ነው የመጥመቂያው ቤት ሥራም ሕግ የወጣለት። ለደረቅ ቀይ ወይን የድኙ ጣሪያ በተለመደው 150 ሚሊ ግራም በሊትር ነው፣ በኦርጋኒኩ 100።

እጅ ያልበዛበት የሚባለው ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ኦርጋኒክ ወይን ውስጥ የተገዛ እርሾ ሊገባ ይችላል፣ ሊጣራ ይችላል። እጅ ያልበዛበቱ ላይ እርሾውም የራሱ ነው፣ ማጣሪያ የለም፣ ድኙም ጥቂት ነው ወይ ጭራሽ የለም። ፈረንሳይ ውስጥ በ2020 ለዚህ ራሱን የቻለ ምልክት ወጥቷል፦ ኦርጋኒክ ፍሬ፣ በእጅ የተለቀመ፣ በራሱ እርሾ የፈላ፣ ድኙ ከ30 ሚሊ ግራም በታች።

የእህትሽ ወይን የመጣበት ቦዦሌ ለዚህ ነገር እንደ እናት ቤት ነው። ዡል ሾቬ የሚባል የወይን ነጋዴና የኬሚስትሪ ሰው ነበር፣ ከ1907 እስከ 1989 የኖረ። ሳይንሱን ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ነው ድኝ ሳይበዛ ንጹሕ ወይን እንዴት እንደሚጠመቅ ያጠናው። ይሄን በጣም እወደዋለሁ። ባለማወቅ የተተወ ሳይሆን አውቆ የተተወ ነው። ከእሱ የተማረው ማርሴል ላፒዬር ደግሞ እዚያው ሞርጎን ላይ ሥራውን ቀጠለበት፤ በ2010 አረፈ። ዛሬ በዚህ መንገድ የሚጠምቅ ብዙ ሰው ከእነሱ ነው የተማረው።

ጋሜ ራሱ የተሰደደ ዘር ነው። በ1395 የቡርጎኝ መስፍን ፊሊፕ በአዋጅ ከግዛቱ እንዲነቀል አዘዘ። ወደ ደቡብ ወርዶ የቦዦሌ ጥቁር ድንጋይ አፈር ላይ አማረበት። እዚያ ፍሬውን ሳይጨፈልቁ ከነዘለላው በተዘጋ በርሜል ይከቱታል። በርሜሉ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላና መፍላቱ ከፍሬው ውስጥ ይጀምራል። ለዚህ ነው ምላስ የሚያኮማትረው ታኒን ያነሰበት፣ ፍሬ ፍሬ የሚለው።

---

ላብራቶሪ ሰው
ጥር 6

እርማት። «ጥቁር ድንጋይ» ያልኩት ስህተት ነው። ግራናይት ማለቴ ነው።

---

ፒያሳ ካፌ
ጥር 7

እኔ ያለ ድኝ የተሠራ ወይን ራስ ምታት የለውም ሲባል ነው የሰማሁት። እውነት ከሆነ ለእናትሽም ጥሩ ነው።

---

ላብራቶሪ ሰው
ጥር 7

ይሄን እንተወው። ራስ ምታቱ ከሰልፋይት (ከዚያ ከድኙ ማለት ነው) ነው የሚለው አልተረጋገጠም። የደረቀ ፍራፍሬ ብዙ ጊዜ ከወይን የበለጠ ሰልፋይት አለው፤ ያንን በልቶ ራሴን አመመኝ የሚል ብዙም የለም። አስም ያለበት ሰው ግን መጠንቀቅ አለበት፤ ለእሱ ሰልፋይት በእርግጥ ሊያስቸግር ይችላል። ምንም ያልተጨመረበት ወይን ቢሆን እንኳን እርሾው ራሱ ጥቂት ሰልፋይት ያወጣል። ለራስ ምታቱ ውሃ ይጠጣ፣ ሆድ ባዶ አይሁን፣ መጠኑ ይቀነስ። አልኮል አልኮል ነው።

---

ወለተ ማርያም ዘደሴ
ጥር 8

እኔ ሌላ ነገር ልጠይቅ። ወይን ሲጣራ እንቁላል ይገባበታል ሲሉ ሰምቼ ደንግጫለሁ። በጾም የሚጠጣ ሰው እንዴት ሊሆን ነው?

---

ሐረጎን ወራጅ
ጥር 8

እውነት ነው እህቴ። ወይንን ለማጥራት የእንቁላል ነጭ፣ ከወተት የሚወጣ ኬዚን፣ ከዓሣ ፊኛ የሚሠራ ነገር ይጠቀማሉ። ዝቃጩን ይዘው ታች ይወርዳሉ፣ ከዚያ ይለያሉ። ሁሉም ጠማቂ ግን አይደለም፤ በአፈር የሚያጠራም አለ። ያልተጠራ፣ ያልተጣራ ወይን ውስጥ እነዚህ አይገቡም። የጾሙን ነገር የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ፣ እሱ የእኔ ቦታ አይደለም።

---

የሸዋ በር ልጅ
ጥር 8

አሰላሙ አለይኩም የደሴ ልጆች። የጦሳ ሥር፣ «የምንጠጣው ስድስት ነን» ስትዪ የማይጠጣም አለ ማለት ነው አይደል? የወንድምሽ ቤት ከሆነ፣ የወሎ ቤት ነውና፣ ሙስሊም ዘመድ ወይ ጎረቤት አይጠፋም። ለእነሱ ምን እንደምታቀርቢ አሁኑኑ አስቢ። ሥጋው ለብቻው ይዘጋጅ መቼም፣ እሱን ታውቂዋለሽ። ግን መጠጡን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ወይን ለሚጠጣው ብርጭቆ ተመርጦ፣ ዲግሪ ተለክቶ፣ ለእኛ ለስላሳ በጠርሙሱ ይሰጠናል። ቅር ይላል ወላሂ። ቀሪቦ ጥመቂ። ገብሱን ጠቆር አድርጎ የቆላ ሰው ከጥብስ ጋር ሲያቀርበው ማሻአላህ ነው።

---

የጦሳ ሥር
ጥር 8

የእኔ እመቤት፣ ልክ ነሽ። የወንድሜ ሚስት እናት፣ እማማ፣ እና ሁለት ጎረቤቶች አሉ። ስለ መጠጣቸው አላሰብኩም ነበር። ቀሪቦ ይጠመቃል።

---

ጎራው
ጥር 12

ዘግይቼ ነው ያየሁት። ዶሮ ወጥን እንዲህ ገሸሽ ባታደርጉት ደስ ይለኛል። ለዶሮ ወጥ ጣፋጭ ወይን ፈልጉለት። አክሱማይት ለዚህ ጥሩ ነው፣ ቀዝቀዝ አድርጎ። ጠጅ ጣይዋ ያሉት የማሩ ነገር እዚያም ይሠራል። ፈረንሳዩን ለጥብስ፣ አክሱማይትን ለወጥ።

ሐይቅም እኮ ቅርብ ነው። ተጠብሶ ሎሚ የተጨመቀበት ቆሮሶ ዓሣ ለቀዝቃዛ ጋሜ አይሆንም ትላላችሁ?

---

ሐረጎን ወራጅ
ጥር 12

ይሆናል፤ ዓሣውን በበርበሬ እስካልለወሱት ድረስ። ግን በጥር በግ እያለ ዓሣ አልመርጥም።

---

የጦሳ ሥር
ጥር 17፣ ማታ

ዛሬ ነው የተመለስኩት። ልንገራችሁ።

ወይኑ ሐሙስ ሄደ። ወንድሜ የቁም ሳጥኑ ሥር አቁሞ በፎጣ ከለለው። ቅዳሜ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ፍሪጅ ገባ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ወጣ።

ጥብሱን እኔው ሠራሁት። የጎድኑን አጥንት በአጭር በአጭሩ አስቆርጬ፣ በብረት ምጣድ፣ በከሰል። መጀመሪያ ሥጋውን ብቻ፣ ጨው እንኳን ሳይገባ። ውሃው ሲደርቅ ስቡ ራሱ ቀልጦ መንጫጫት ይጀምራል። ጠርዙ ቡናማ ሲሆን ሽንኩርት በትልልቁ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው። የጥብስ ቅጠሉን ከጓሮ በጥሼ መጨረሻ ላይ ነው ያደረግኩት፣ ቶሎ ከገባ ይመርራል። እማማ ለብቻ በድስታቸው አልጫ ሠርተው ነበር። የወንድሜ ሚስት ደግሞ እኔ ያላሰብኩትን ጎመን በሥጋ አምጥታ አስቀመጠች። አይብም ነበር።

ቡሹን እህቴ ከፈተችው። ቀስ ብላ፣ ጠርሙሱን ሳታነሳ። ስትቀዳ ጠርሙሱን አንድ ጊዜ ብቻ አዘንብላ ከብርጭቆ ብርጭቆ አሻገረችው፤ ቀና ዘንበል ካለ ዝቃጩ ይነሳል አለች። ቀለሙ ዝግት ያለ ቀይ አይደለም፤ በጀርባው መስኮቱ ይታያል። መጀመሪያ ትንሽ የገለባ ዓይነት ሽታ ነበረው። አምስት ደቂቃ ሲቆይ ለቀቀና ያ እንጆሪ መጣ።

እናቴ አንድ ጎድን ግጣ፣ ስቡ ከንፈሯ ላይ እያለ ጎነጨች። ዝም አለች። ደግማ ጎነጨች። «ይሄ ያኛው ነው?» አለች። ያኛው ነው አልናት። «አይደለም» አለች። እህቴ ሳቀችና እንባዋ መጣ።

ሁሉም ግን አልተስማማም። ወንድሜ አዋዜውን ጎትቶ ጥብሱን ለወሰበት፤ ወይኑ ደካማ ነው ብሎ ቢራውን ከፈተ። መብቱ ነው። እኔ ግን አንዱን ጉርሻ በአዋዜ፣ አንዱን ያለ አዋዜ ሞክሬ ልዩነቱን አየሁት። በአዋዜው የገና ቀን ወይን ተመልሶ መጣ።

ሐረጎን ወራጅ፣ ይቅርታ አድርግልኝና ከጥብሱ በላይ የወደድኩት ጎመን በሥጋውን ነው። ጎመኑ ትንሽ ምሬት አለው፣ ቅቤው ይሸፍነዋል፣ አይቡ ያበርደዋል። ከዚያ ወይኑ ሲገባ አፍ ውስጥ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። ድፎ ዳቦው ግን ወይኑን ምንም አልጨመረለትም። እንጀራው በለጠ።

የሸዋ በር ልጅ፣ ቀሪቦው ከወይኑ በፊት አለቀ። እማማ ማን እንደመከረኝ ጠይቀው መርቀውሻል።

---

ሐረጎን ወራጅ
ጥር 17

ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል! ጎመን በሥጋን እኔ አልሞከርኩትም። የገለባ ሽታ ያልሽው ታሽጎ የቆየ ወይን ላይ ያጋጥማል፤ ስላልቸኮላችሁ ጥሩ አደረጋችሁ። የቀረ አለ? ካለ ቡሹን መልሰሽ ፍሪጅ አቁሚው። ድኙ ትንሽ ስለሆነ ከሁለት ቀን በላይ አታቆዪው።

---

የጦሳ ሥር
ጥር 17

ወይኑስ አልቋል። የቀረው ታች ያለው ሁለት ጣት የሚሆን ድፍርሱ ነው። በትንሽ ጠርሙስ ገልብጬ ወደ ደሴ ይዤው መጥቻለሁ። እትዬ፣ እርስዎን አስቤ ነው። ይፈልጉታል?

---

ጠጅ ጣይ ከሰኞ ገበያ
ጥር 17፣ ሌሊት

እንዴት አልፈልግም! ክዳኑን ጥብቅ አታድርጊው፣ ሕይወት ካለው ይገፋዋል። ነገ ጠዋት አምጪልኝ። በትንሽ ማሰሮ ማር በጥብጬ፣ ጌሾ ሳልጨምር፣ እሱን ብቻ አደርግበታለሁ። ይነሳ አይነሳ እናያለን። ከምድጃው አጠገብ ቦታ አዘጋጅቼለታለሁ።